የጎፈሬን ፀጉር ሳታይ አትመን

ቢስሚላሂ።

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለዑበይዳ፣

ሰላምታዬ ከመካነ ሰላም ደጋ ተነስቶ፣ የደሴን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ጅቡቲ እደጅህ ሲደርስ ላቡን ጠራርጎ ይግባልህ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ስፌት ማሽኑ ላይ ጎንበስ ስትል የሚቆነጥጥህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ዓይንህስ እንዴት ነው፣ ክር በመርፌ ለማስገባት ዛሬም ሰው ሳትጠራ ትችላለህ? ሙቀቱንስ ምን ብለህ ቻልከው? እኛ እዚህ በታኅሣሥ ውርጭ ጥርሳችን ሲንገጫገጭ፣ አንተ ዘንድ ሰው እርጥብ አንሶላ ለብሶ ይተኛል ሲል ልጄ ዒምራን ነገረኝ። ብርዱን ለእኛ፣ ሙቀቱን ለእናንተ ጠቅልሎ ከመስጠት ምናለ ትንሽ ቢያቀላቅለው አልኩ፤ አስተግፊሩላህ፣ የጌታን ሥራ ላርም ነው እንዴ!

እኔ እህትህ መድና አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዳገት ላይ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር የሚያማርር ነገር የለኝም። እናታችን ሀሊማም ደህና ናት። ይህችን ቃል ተመለስና ደግመህ አንብባት፤ እናታችን ደህና ናት። ለምን እንዲህ እንዳልኩህ ወረድ ስትል ይገባሃል።

ደብዳቤውን ይዞልህ የመጣው ዒምራን ነው። የሚነዳው የጭነት መኪና ወደብ ድረስ ስለሚወርድ፣ አደራውን ከእጁ ሳይለይ እንዲያደርስ በአላህ ስም አስምዬዋለሁ። ስልክ ብትለኝ፣ ኔትወርኩ በወር አንዴ ብቅ ሲል ቤቱ ሙሉ ሰው ይሰበሰብና «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ እኛም እንስማው» ይላል። እኔ ደግሞ ዛሬ የምነግርህ ከፍ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ ለብቻህ አንብበው፤ ዒምራን ፊት እንኳ ጮክ አትበልበት። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ነው የሚጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ቤቱ እንዴት ነው ብትል ቤቱ ሰፍቷል። ሰፋ ስልህ ክፍል ጨምሬበት አይደለም፣ ሰው ወጥቶበት ነው። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካረፈ ወዲህ ልጆቹ እንደ ጫጩት ከክንፌ ስር አንድ ባንድ ሾለኩ። ትልልቆቹ ትዳር ይዘው ወደየቀያቸው ሄዱ፣ ባሲማ ዐረብ አገር ናት፣ መንታዋ ዒምራን ሕይወቱ ጎማ ላይ ነው። እናታችንም እንደምታውቀው ከአጎታችን ከከማሉዲን ግቢ ነው ያለችው። ሰባት ወልጄ፣ አሁን ምሳ የምበላው ከድመት ጋር ነው፤ እሷም አይጥ ያገኘች ቀን አትመጣም። በር ስዘጋ በልማድ «ማን ቀረ ከውጭ?» እላለሁ። የሚመልስልኝ የለም። መዝጊያውን እገፋና ቁጭ እላለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ገብሱ ከተወቃ በኋላ አንድ ቀን አጎታችን እናታችንን ይዘው መጡ። ከተቀመጡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዑበይዳ አርባ ሊሞላው ነው። ያለ ሚስት የሚኖር ወንድ ምሰሶ እንደሌለው ጎጆ ነው፤ ነፋስ የመጣ ቀን ሰው ይስቅበታል። እኛ አግኝተንለታል» አሉኝ። ያገኙልህ ሩፋይዳን ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት የቁርኣን አስተማሪ ልጅ ናት፤ ስትሄድ ሕፃን ነበረችና አታስታውሳት ይሆናል። ኒካሁ ከረመዳን በፊት እንዲታሰር ተነጋግረው ጨርሰዋል። «ትዳር ነው ብንለው እንደ በፊቱ ይሸሻል። ስለዚህ እናትህ አልጋ ላይ ወድቃለች፣ በነፍሷ ድረስ ብለሽ ጻፊለት። አንቺን ያምናል» አሉኝ።

እናታችን እዚያው ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። «አባባ፣ አልጋ ላይ የወደቀችው ሴትዮ እኮ ይኸው ቁናውን ልትሞላው ነው» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ለትዳር የተዋሸ ውሸት ኃጢአቱ ቀላል ነው» አሉ። እናታችንን አየኋት። ቀና አላለችም። «እኔ ልጄን ልየው እንጂ እንዴት እንደመጣ ምን አገባኝ» አለች፣ ባቄላዋን እያየች። እኔም ቢሆን አንተን ለማየት ስንት ውሸት በሆዴ እንዳለ አላህ ያውቃል።

ግን እኔ አንድ ነገር አውቃለሁ፣ እነሱ የማያውቁት፤ ወይም ማወቅ የማይፈልጉት። ልብህ ወደ ሴት እንደማያዘነብል አውቃለሁ። ነግረኸኝ አይደለም፣ ነግረኸኝ አታውቅም። እህት አይደለሁ እንዴ? እኩዮችህ ምንጭ ዳር ልጃገረድ ሲጠብቁ የአንተ ዓይን የት እንደሚያርፍ፣ የማን ድምፅ ሲሰማ ሹክሹክታህ እንደሚቆም አይ ነበር። ያኔ የመጀመሪያው ኒካህ ሳምንት ሲቀረው ጠፍተህ ስትሄድ፣ አገሩ ሁሉ «ዓይነ ጥላ አለበት፣ ትዳር የሚያስጠላ ጥላ ተጠናውቶታል» ሲል፣ ጥቁር አዝሙድ ሲታጠንልህ፣ እኔ በሆዴ በወንድሜ ላይ ምንም ጥላ የለም፣ ጥላው ያለው እኛ ላይ ነው እል ነበር።

ይህ እዚህ አገር ስሙ የማይጠራ ነገር ነው፤ ሲጠራም በስድብ ነው። እኔም ያለ ስድብ የምጠራበት ቃል አልተማርኩም። ስለዚህ ባልተማርኩት ከምደናቀፍ በማውቀው፣ በበግ ልጀምርልህ።

ካቻምና የሰፈራችን በግ አርቢዎች ማኅበር አቋቋምን። ደንቡ ሁሉም የራሱን አውራ በግ ይሸጣል ወይም ያኮላሻል፣ ከዚያ በጋራ አንድ ምርጥ አውራ ተገዝቶ ለሁሉም እናት በጎች እሱ ብቻ ይሆናል የሚል ነው። ሰብሳቢው ማን መሰሉህ? አጎታችን ከማሉዲን። ሽማግሌዎቹ አቀስታ ድረስ ወርደው፣ ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው ጥርሱን ገልጠው፣ ላቱን በእጃቸው መዝነው፣ ቀንዱን በክንዳቸው ለክተው አንድ አውራ ይዘው መጡ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እንደዚያ ያለ በግ አላየሁም። ዳማ ነው፣ የደረቱ ፀጉር እንደ ጎፈር ይንዠረገጋል፣ የፀጉሩ ጫፍ በኖራ የተነከረ ይመስል ነጭ ነው። ጎፈሬ አልነው። ሁሉን ነገሩን አይተውለት፣ ያላዩለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምን እንደሚወድ አልጠየቁትም።

ጎፈሬ በየተራ በየሰው ግቢ ዞረ። ወራት አለፉ፣ አንዲት በግ አልወለደችም። ክረምት ገባ፣ ወጣ፤ ግልገል የለም። ሰፈሩ ሙሉ የግልገል ድምፅ ሳይሰማ ሲከርም ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታውቃለህ? መጀመሪያ በጎቹ ተከሰሱ፤ መካን ሆነዋል ተባለ። ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው ተባለ። ጎረቤታችን ጀብሪል፣ ያ ወረኛ፣ «የእኔዋ በግ እንኳን በሰው ዓይን በጅብ ዓይንም አትበላም፣ እንዲያው ሙሽራው ዓይን አፋር ሆኖ ነው» ብሎ አሳቀን። ደግሞ ጎፈሬ ሙክቶቹን እየተከተለ ሲያሸታቸው፣ ጀርባቸው ላይ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። «ጉልበቱን እያሳየ ነው፣ ጀግና ነው» ብለን አለፍነው። የታየውን ሳይሆን የምንፈልገውን ነበር የምናየው።

በመጨረሻ የእንስሳት ባለሙያዋ አሰጋሽ መጣች። የደጎሎ ልጅ ናት፣ ገና ወጣት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ። ነገሩን ሰምታ በረት አሠራች። በአንድ ጥግ አውራ የፈለጉ እናት በጎችን፣ በሌላው ጥግ ከማዶ ሰፈር የመጣ አውራ በግ አሰረችና ጎፈሬን መካከል ለቀቀችው። ሰፈሩ ሁሉ አጥሩን ይዞ ቆመ። ጎፈሬ እናት በጎቹን እንደ ድንጋይ አልፎ ወደ አውራው ሄደ። አዙራ ቦታ ቀየረችባቸው፣ አሁንም ወደ አውራው። እንደገና ቀየረች፣ ያው። ሴቶቹ በነጠላችን አፋችንን ያዝን። ጀብሪል «አባባ ከማሉዲን፣ ሽማግሌ የላካችሁት ለተሳሳተው ወገን ነው!» ሲል አጥሩ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። አጎታችን «ዝም በል አንተ ምላሰ ረጅም!» ብለው በትራቸውን አነሱበት። እኔ ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አንተ ትዝ አልከኝ።

አሰጋሽ ግን አልሳቀችም። «አልታመመም፣ አልተደገመበትም» አለች። «በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በሌላ አገርም እንዲህ በረት ሠርተው አይተዋል፤ ከመቶ አውራ በጎች ጥቂቶቹ ዘወትር ወደ አውራ ነው የሚሄዱት። ሲወለዱም እንዲሁ ናቸው ይላሉ።» አጎታችን «እንግዲህ ከንቱ ነው፤ ይኮላሽና ይስባ፣ ለዓረፋ ይታረዳል» ብለው ፈረዱ። ሰውም እሺ አለ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አፌ ቀድሞኝ «ለእኔ ስጡኝ፣ በእሱ ፈንታ ቄቧን በጌን ለማኅበሩ እሰጣለሁ» አልኩ። «ምን ሊያደርግልሽ?» አሉኝ። «ፀጉሩን እሸልታለሁ፤ ደግሞም ግቢው ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ይኖራል» አልኩ። ጀብሪል ለቀቀኝ መሰለህ? «መበለትና አይነኬ በግ፣ መልካም ጎጆ ይውጣላችሁ!» አለኝ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ጎፈሬ ሳይነካ ከእኔ ጋር ቀረ።

አሰጋሽን እስከ መኪና መንገዱ ልሸኛት ወጣሁ። የሆዴ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። «ልጄ፣ ከወላድ ያልተወለደ የለም። እንዲህ ያለው በግ ካልወለደ ዘሩ እንዴት እስከ ዛሬ ሳይጠፋ ቆየ?» አልኳት። ቆመችና አየችኝ። «እትዬ መድና፣ ሊቃውንቱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው» አለች። ዝግመተ ለውጥ የሚሉት ትምህርት አለ አለችኝ፤ በረጅም ዘመን ውስጥ ለመዋለድ የሚረዳ ነገር ከልጅ ልጅ ይተላለፋል፣ የማይረዳው እየሳሳ ይሄዳል ይላል። በዚህ ሒሳብ ከሆነ እንደ ጎፈሬ ያለው ድሮ ማለቅ ነበረበት፤ ግን አላለቀም፤ እንግዲህ ምን ይዞት ቆየ? አንዳንዶቹ፣ ወንዱን ዘር የማያስተካው ያ ነገር በእህቶቹ ደም ውስጥ ሲሆን የበለጠ ወላድ ያደርጋቸው ይሆናል ይላሉ። የጎፈሬ እናትና እህት አቀስታ መንታ መንታ ነው የሚጥሉት አለችኝ፤ ደግሞ ቶሎ ብላ «ግን ሁለት በጎች ማስረጃ አይሆኑም» አለች። ደስ አለችኝ፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች።

ከዚያ አፈር አፈሩን እያየሁ «ሰውስ?» አልኳት። ዙሪያዋን ቃኘች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰውም ላይ ጠይቀዋል» አለች። በእናት በኩል ያሉት ሴቶች ብዙ ይወልዳሉ የሚሉ አሉ። ራሱ ያልወለደው የእህትና የወንድሙን ልጆች ስለሚያሳድግ፣ የቤተሰቡ ዘር በእሱ ትከሻ ይተርፋል የሚሉም አሉ። አንዱ አገር የታየው ሌላው አገር አልታይ ብሏቸው ይከራከራሉ። አንዳንዶቹም ሁሉ ነገር ጥቅም ሊገኝለት ግድ አይደለም፣ የዓይን ቀለም እንደሚለያይ እንዲሁ ነው ይላሉ አለችኝ። ከዚያ ሚኒባሱ መጣ። ስትሳፈር እጄን ጨብጣ «ማንም ይሁን እትዬ፣ ይጠብቁት» አለችኝ። ስም አልጠየቀችኝም። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።

እኔ ፍጥረት ሁሉ የአላህ ነው ተብዬ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ዛሬም ያንኑ ነው የማምን። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ይፈልጉ፣ እሱ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ አይፈጥርም። ሆኖም የልጅቱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ሰባት ወለድኩ። የእናታችን እህት ስንት እንደወለደች አንተም ታውቃለህ፣ ስማቸውን ለመጥራት ትንፋሽ ያልቅባት ነበር። ባለቤቴ በሳንባው አልጋ ይዞ በከረመበት ጊዜ ደግሞ እነዚያን መንቶች ማን አሳደገ? ዒምራን በትክትክ ተይዞ ፊቱ ሲጠቁር በጀርባህ አዝለህ፣ በዝናብ፣ ጭቃው ጫማህን ነቅሎ አስቀርቶብህ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ያደረስከው አንተ ነህ። ባሲማ ትምህርት ቤት ስትገባ ዩኒፎርሟን ከራስህ ሱሪ ቆርጠህ የሰፋህላት አንተ ነህ፤ በኪሱ ቦታ የቀረውን ምልክት «ይህ የአጎቴ ኪስ ነው» እያለች ለጓደኞቿ ታሳይ ነበር። እንግዲህ ሊቃውንቱ ማስረጃ ካጡ ወደ እኔ ቤት ይምጡ አልኩ።

ደግሞ ሳስበው ሳስበው ሌላ ነገር ቆረቆረኝ። ሰው ስለሚጠቅም ብቻ ነው እንዴ የሚወደደው? ልጆቼን ባታሳድግልኝስ ኖሮ? አዝለህ ባትሮጥስ? እንደ አንዳንዱ አጎት በዓመት አንዴ መጥተህ ዶሮ በልተህ የምትሄድ ሰነፍ ብትሆንስ ወንድሜ አትሆንም ነበር? ጎፈሬን ከቢላዋ ሳወጣው እህቱ መንታ እንደምትወልድ ጠይቄ አልነበረም። ስለዚህ የአሰጋሽን ትምህርት ወድጄዋለሁ፣ ልክ እንደ ጥሩ ወሬ ይዤው አድራለሁ፤ ለአንተ ያለኝ ፍቅር ግን በእሱ ላይ አልቆመም። ይህን ማወቅ አለብህ።

አሁን ወደ ሩፋይዳ ልመለስ። ልጅቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣች። ጥጥ አበድሪኝ ብላ ነው፤ እኔ ጥጥ እንደማልፈትል፣ ሥራዬ የበግ ፀጉር እንደሆነ እያወቀች። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች። ከዚያ «እቴ መድና፣ ዑበይዳ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ሰው ነው» አልኳት። «ጥሩ ሰው መሆኑንማ ሁሉም ይለኛል። ይፈልገኛል ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁ» አለችኝ። ዑበይዳዬ፣ አቀስታ የወረዱት ሽማግሌዎች ያልጠየቁትን ጥያቄ ይህች ልጅ ጠየቀችኝ። የአንተን ነገር ልነግራት አልችልም፣ አልነገርኳትምም፤ ወላሂ አልነገርኳትም። ግን ዓይኗን እያየሁ መዋሸትም አልቻልኩ። «አይመጣም ልጄ። ቢመጣም ተታልሎ ነው የሚመጣው፣ ተታልሎ የመጣ ልብ ደግሞ ቤት አይሆንም። ወጣትነትሽን በሰው መንገድ ላይ አታስቀምጪው» አልኳት። አለቀሰች። ደግሞ ሳቀች። «ደብረ ብርሃን የነርስነት ትምህርት ደርሶኝ ነበርኮ» አለች። በማግስቱ ለአባቷ አልፈልግም አለች።

አጎታችን ሰሙ። ግቢዬ በር ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ «የገዛ ወንድምሽን ቤት ያፈረስሽ ጉድ! ከዛሬ ጀምሮ እግሬ ደጅሽን አይረግጥም፣ እግርሽም ደጄን አይርገጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለመውሊዱም ለሠርጉም አይጠሩኝም። ጀብሪል እንኳ ሳይቀልድብኝ ያልፋል፤ ያ ነው የከፋኝ። ሴቶቹ ምንጭ ላይ ሲያዩኝ ጨዋታቸውን ይቋጫሉ። እናታችን እንዳትመጣ ከልክለዋታል፣ እሷ ግን አርብ አርብ በጀርባ በኩል በአጥሩ ሾልካ ትገባለች፤ ሰባ ዓመቷን ይዛ እንደ ሌባ አጥር ስትሾልክ ብታያት!

ልጠይቅህ አይደለም፣ ላስጠነቅቅህ ነው የምጽፈው። አጎታችን ነገሩን አልተዉትም። ሌላ ልጅ እየፈለጉ ነው። እኔ እንደማልጽፍ ሲያውቁ ጅቡቲ ላለ አንድ ሰው ስልክ አስደውለው «እናትህ ልትሞት ነው» ሊያሰኙህ ነው። አትመን። መጥተህ አንዴ በእጃቸው ከገባህ፣ ሁለተኛ እንቢ ካልክ ደግሞ፣ «ለምን?» ማለት ይጀምራሉ። የዚያ ጥያቄ መልስ እዚህ አገር ዋጋው ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ታዲያ እናታችን የእውነት የታመመች ቀን እንዴት ላውቅ ትለኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። ዒምራን ከደብዳቤው ጋር አንዲት ትራስ ይሰጥሃል። ብርድ ልብስ ልልክልህ ነበር፣ በዚያ ሙቀት ምን ሊያደርግለት ብዬ ሳቅሁና፣ ስፌት ማሽኑ ወንበር ላይ ለወገብህ የምትሆን ትራስ ሠራሁልህ። የተሞላው በጎፈሬ ፀጉር ነው። በጎኗ ትንሽ ክፍት ትቼልሃለሁ፤ ጣትህን አስገብተህ ፀጉሩን እየው፤ ዳማ ነው፣ ጫፉ ነጭ ነው፤ በዚህ አገር ሌላ እንደሱ ያለ በግ የለም። እናታችን ወይም እኔ የእውነት ከታመምን ከመልእክቱ ጋር የጎፈሬ ፀጉር ቁራጭ ይመጣልሃል። የጎፈሬን ፀጉር ሳታይ፣ ንጉሥም ቢነግርህ አትመን። ይህን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዓመት ሙሉ «ና» ብዬ ልጽፍልህ ስል ኖሬ፣ ብዕር ስይዝ «አትምጣ» ብዬ ጻፍኩ። ጎፈሬ አሁን በሩ ላይ ተኝቷል፤ ሲመሽ እሱን አስገብቼ «ማን ቀረ ከውጭ?» እላለሁ፤ እሱ ጆሮውን ያንቀጠቅጣል። የቀረውማ አንተ ነህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዒምራን ባለፈው ከአንተ ዘንድ የመጣ ዕለት አርብ ነበርና እናታችን እኔ ቤት ነበረች። ልጁን ፊቱን በመዳፏ ይዛ «ብቻውን ነው የሚኖረው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ምንም ሳይጠረጥር «ኧረ አይደለም አያቴ፣ አብሮት የሚኖር አንድ የታጁራ ሰው አለ። ዓሣ አጥማጅ ነው። ምግብ የሚሠራው እሱ ነው፣ አጎቴ ሲያመው ወገቡን የሚያሽለትም እሱ ነው» አላት። እናታችን መቁጠሪያዋን አነሳችና «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ብቻውን አይደለም» አለች። ምን እንደገባት፣ ምን እንዳልገባት አልጠየቅኋትም። በአጥሩ ስትሾልክ ግን እንደ ልጃገረድ ቀለል ብላ ነበር የሄደችው።

እንግዲህ ወረቀቱ አለቀ። እናታችን ሀሊማ በዱዓዋ ውስጥ ሁሌም አለህ፣ ዓይንህን ሳላይ እንዳይወስደኝ ትላለች። ባሲማ በስልክ ስታገኘኝ «አጎቴን ሰላም በዪልኝ፣ ኪሱን አልረሳሁትም» ብላሃለች። ትልልቆቹ ልጆቼም ከነልጆቻቸው ሰላም ይሉሃል። ዒምራን እፊትህ ነውና ሰላምታውን ከራሱ ተቀበል፤ ሳይበላ እንዳታሰናብተው። ጀብሪል ሰላም በይው አላለኝም፣ ልቡ ግን እንደሚል አውቃለሁ። አጎታችን ከማሉዲንም ቢሆኑ ቁጣቸው ሲበርድ ማለታቸው ስለማይቀር፣ የእሳቸውን ቀድሜ ከራሴ ላይ ልኬልሃለሁ።

አብሮህ ለሚኖረው ሰው ደግሞ ከእህትህ ከመድና ብዙ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ። ወገብህን ሲያሽ ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች እንዳይሆን ንገረው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ የሚሻልህ እንደዚያ ነው። ስሙን ዒምራንን መጠየቅ ፈራሁ። መልስ ስትጽፍ ስሙን ጻፍልኝ፤ ለቤት ሰው ያለ ስም ሰላምታ መላክ ነውር ነው።

እህትህ መድና
ከመካነ ሰላም በላይ፣ ከደጋው ሰፈር
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.